ጠፋሁ ብዬ አቋርጬ ወጣሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጇ። የምኖረው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ግሬስ ካቴድራል ወሰደችኝና ወለሉ ላይ ያለውን ጥምዝምዝ መንገድ፣ ላቢሪንት የሚሉትን፣ በዝምታ ተከተዪው አለችኝ። መሀሉ ጋ ደረስኩ ስል መንገዱ መልሶ ወደ ዳር ወሰደኝ። ጠፋሁ ብዬ ተናደድኩና መስመሩን አቋርጬ ወጣሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ማታ ደግሞ «ምን ውስጥ ነው የገባሁት?» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ትይኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ አልጠፋሽም። እዛ ላይ ልጥፋ ብትዪም አትችዪም። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ መስቀለኛ የለው፣ የተዘጋ የለው፣ በገባሽበት ትወጫለሽ። መሀሉን አሳይቶ የሚመልስሽም አሠራሩ ነው። ንድፉ የተቀዳው በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ ከተነጠፈው ነው። እሱ 11 ዙር አለው፤ ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር አይሞላም፣ መንገዱ ግን ቢዘረጋ ከ260 ሜትር ያልፋል። ያን ያህል መንገድ እዛች ቦታ ላይ ለማስገባት ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ግድ ነው።

«ድሮ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልቻሉ ምዕመናን በዚህ ይሳለሙ ነበር» የሚልሽ አይጠፋም። ቶሎ አትመኚው፤ ከዚያ ዘመን ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ የለም። እዚያው ፈረንሳይ ያለው የሪምስ ካቴድራል ላቢሪንት ግን እ.ኤ.አ. በ1779 የፈረሰው ልጆች እየተጫወቱበት ቅዳሴ ስለረበሹ ነው ይባላል (ደስ ትለኛለች ይቺ ታሪክ)። የዛሬው ልማድ አዲስ ነው። አንቺ የሄድሽበት ካቴድራል ካህን የነበሩት ሎረን አርትረስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሻርትርን አይተው ተመለሱና ነው እዚያ ያስጀመሩት።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ለእኔ ግን ወለል ወለል ነው። እየሄድሽ «አቡነ ዘበሰማያት» ብትዪ የሚከለክልሽ የለም። መዞሩማ ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ ታቦት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስቴ እንዞር የለ? ልዩነቱ እዚያ በእልልታ ከሕዝብ ጋር ነው፣ እዚህ ብቻሽን ነሽ፤ ለዚህም ይመስለኛል የተናደድሽው።

ሌላ ጊዜ ከሞከርሽ በምሳ ሰዓት ተጣድፈሽ አትሂጂ። ስልክሽን ዝጊው። ከፊት ለፊት የሚመለስ ሰው ሲመጣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ገለል በዪለት። መሀል ስትደርሺ እስኪበቃሽ ቁሚ። ታኮ ጫማ ግን ቤት ይቅር፣ መታጠፊያው አያልቅም።