«ጽንሴ ታሟል መባሉ የኃጢአቴ ቅጣት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ 17 ዓመቴ ነው፤ ሳላገባ አርግዤ 5ኛ ወሬን ይዣለሁ። አልትራሳውንድ ስነሣ ሐኪሟ የልጁ የጀርባ አጥንት እንዳልገጠመ፣ ጭንቅላቱም ውስጥ ውሃ እንዳለ ነገረችኝ። ጎረቤቶች «የሥራሽን ነው» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ክኒኑንም ክትትሉንም ትቼ ጸበል እንድገባ ትፈልጋለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አይደለም፣ ቅጣት አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን በድሎ ነው? እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ጠይቀውት ነበር። እርሱም፣ ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነገራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ጎረቤቶችሽ የጠየቁት ያንኑ ነው፤ መልሱም ያው ነው። ከጋብቻ በፊት ስለሆነው ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። እርሱ የንስሐ ጉዳይ ነው፤ በንስሐም ይዘጋል። የልጁን ሕመም ከዚያ ጋር አታያይዢው።

የጽንስ ጀርባ የሚገጥመው በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ነው። ያኔ እንኳን ልትጠነቀቂ፣ ማርገዝሽንም አላወቅሽም። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን ማነስ አንዱ ምክንያት ነው፤ በዘር የሚመጣም አለ። ባለትዳሮችም፣ ቆራቢዎችም እንዲህ ያለ ልጅ ይወልዳሉ። ወደፊት ስታገቢ ግን ከማርገዝሽ በፊት ሐኪም አማክሪ። አንዴ እንዲህ ያለ ጽንስ የገጠማት ሴት ከሌላው ከፍ ያለ የፎሊክ አሲድ መጠን ይታዘዝላታል።

ጸበሉን ጠጪ፣ ተጠመቂ። ክኒኑንም ዋጪ፣ ቀጠሮሽንም አክብሪ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናንን ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። «መድኃኒት ካልተውሽ ጸበሉ አይሠራም» የሚልሽ ካለ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለምና አትስሚው። ባዶ ሆድሽን ከጸበል ቦታ ስትንከራተቺ አትዋይ። አንቺም ገና በማደግ ላይ ያለሽ ልጅ ነሽ፤ ምግብ ያስፈልግሻል። የጾሙን ነገር ንስሐ አባትሽ ያቀሉልሻል።

አሁን የሚያስቸኩለው የምትወልጂበት ቦታ ነው። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር አስጽፊ፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱ አሉ። የጀርባው ክፍተት በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢዘጋ ይመረጣል። የጭንቅላቱም ውሃ መቀነሻ ሕክምና አለው። የሚድነውንና የማይድነውን ሐኪሟ በግልጽ እንድትነግርሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ልጅ በእግሩ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አይሄድም። ለሁለቱም ተዘጋጂ።

ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ሕፃኑ ከደከመ ግን ቀኑ አይጠበቅም፤ ካህን ተጠርቶ ወዲያው ይጠመቃል። ይህን ከወዲሁ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ስልካቸውንም ያዢ።

እናትሽ ክፉ አስበው አይደለም፤ ፈርተው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረውሽ ይግቡ። ሐኪሟ ምስሉን እያሳየች ታስረዳቸው፤ የጨነቃቸውንም ራሳቸው ይጠይቋት።