ልጄ የስኳር መለኪያውን ከክንዷ ነቅላ ጣለችው

ውድ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። እንደ ታላቅ እህቴ ስለማይሽ «አንቺ» እያልኩ ልጻፍልሽ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከሴት ልጄና ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው።

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ስኳር የያዛት ስድስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ውሃ ውሃ ትል ነበር፤ ሌሊት ሽንት ያመላልሳታል፤ በአንድ ጊዜ ከሳች። እኛ አገር ትኩሳትና ድካም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ እኛም ወባ መስሎን ነበር። ሆስፒታል ስትገባ ራሷን አታውቅም። ከዚያ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጣቷን እየወጋች ትለካለች። ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ወረቀት) ሲጠፋ ሳትለካ የምትውልበት ቀን አለ። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒቱም ይጠፋ ነበር። ይህን ሁሉ ሳንጣላ አለፍነው።

ዘንድሮ ስዊድን ያለው ወንድሜ በሰው እጅ አዲስ መለኪያ ላከላት። ሊብሬ ይሉታል። ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ክንዷ ላይ ይለጠፋል። ስልኳን ስታስጠጋው ስኳሯን ያሳያታል። ሲወርድባት ይጮኻል። ወንድሜ የእኔንም ስልክ አገናኘልኝ። ሱቄ ቁጭ ብዬ የልጄን ስኳር አያለሁ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ከእንግዲህ ተኝቼ አድራለሁ አልኩ።

እንቅልፉ ግን ጭራሽ ጠፋ። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን አያለሁ። ቁጥሩ ከፍ ሲል እደውልላታለሁ። «ምን በላሽ?» እላታለሁ። «ምንም» ትለኛለች። ቁጥሩ ግን እዚያው ተቀምጧል። ይሄኔ እሸት በቆሎ ወይም ማር ቀምሳ ነው እላለሁ። እሷ በእመቤቴ ስም ትምላለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሐምሌ አለቀ።

ፍልሰታ ሲገባ ከጓደኞቼ ጋር አስቀድሳለሁ፣ እስከ ቅዳሴ መውጫም እጾማለሁ አለችኝ። እኔ ፈራሁ። እናቴ «ተያት፣ እመቤታችን ታውቅላታለች» አለች። አንድ ቀን ስልኬን ሳይ 3.4 ይላል፤ ቀስቱ ወደ ታች ነው። ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደጋግሜ ደወልኩ። ለካ ቅዳሴ መሃል ናት። መለኪያው ሲጮኽ፣ በላዩ ላይ የኔ ጥሪ ሲጮኽ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አንድ ሰውዬ «ስልክ ይዛችሁ ቤተ መቅደስ ትገባላችሁ?» ብለው ተቆጧት። እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ጓደኛዋ ከበር ላይ ለስላሳ ገዝታ አጠጣቻት። ቤት ስትደርስ ሳታናግረኝ አልፋኝ ገባች፤ መለኪያውን ከክንዷ ነቅላ ጣለችው። «የታመምኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ ግን እንደ ፖሊስ ትከታተይኛለሽ» አለችኝ። ይቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አሁን ትምህርት ሊከፈት ነው። ሁለት ያልተከፈቱ ሊብሬዎች ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ፤ አላደርግም ብላለች። እናቴ «እሰይ! ጠበል ትግባ፤ ልጅቷን ያስጨነቃት ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ስንት ብር አውጥቼበት ብሎ አዝኗል። በግድ ላስደርጋት? ጾሙንስ ልከልክላት? ጨንቆኛል።

እናት ነኝ፣ ከፍኖተ ሰላም

*

እህቴ፣

በግድ አታስደርጊያት። ክንዱ የእሷ ነው። ልጅሽ ያለ ኢንሱሊን መኖር አትችልም፤ ያለ ሊብሬ ግን ዓመታት ኖራለች። እስክትረጋጋ በጣቷ ትለካ። ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት በፊት፣ እንዲሁም ከመተኛቷ በፊት ከለካች ብዙ ነገር ይታያል። ስትሪፕ ካጠረ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት ያለውንና የሕመም ስሜት ሲሰማት ያለውን አታስቀሩ።

አሁን ወደ ቅዳሴው ቀን ልመልስሽ። ያን ቀን መለኪያው ትክክል ነበር። ስዊድኖች ስኳርን የሚለኩት በሚሊሞል ነው። የኛ ሐኪሞች በሚሊግራም ነው የሚያወሩት። የሊብሬውን ቁጥር በ18 ስታባዢው በሐኪሞቻችን ቋንቋ ይመጣልሻል። 3.4 ማለት 61 ገደማ ነው። ከ70 በታች ከሆነ ስኳር ወርዷል፤ ከ54 በታች ከሆነ አደገኛ ነው። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ከክትትል ካርዷ ጋር አስቀምጡት። ነርሷ 10 የሚል ቁጥር አይታ እንዳትደነግጥ፤ እሱ 180 ነው።

ለምን ወረደባት? ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ ደመና የሚመስለው፣ ቀስ ብሎ የሚሠራው ዓይነት አለበት። እሱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጋ ከ5 ሰዓት ጀምሮ እየበረታ ይሄዳል። ያኔ ሆድ ውስጥ ምግብ መኖር አለበት። ልጅሽ ተወግታ፣ ሳትበላ፣ ቆማ ነበር።

ስለዚህ የጾም ምግብ አይጎዳትም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ይስማማታል። የሚጎዳት ተወግታ ሳትቀምስ መዋሏ ነው። «እንግዲያው የጾም ቀን መርፌውን ልተወው» ካለች ደግሞ የባሰ ነው። የእሷ ዓይነት ስኳር ኢንሱሊን ሲቋረጥበት ደሙ በአሲድ ይሞላል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎና በረጅሙ መተንፈስ ይመጣል። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ያየሽው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

ጾሙን አንቺ አትከልክያት፤ አንቺ ስትከለክያት ጠብ ይሆናል። ንስሐ አባቷ ያነጋግሯት። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ሳይበላ ይዋል ብላ አታስገድድም። ስለ ቁርባኑም ይጠይቋቸው፤ አብራችሁ ሂዱ፣ ግን እሷ ትጠይቅ። ከዚያ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሳይገባ ወደ ክትትሏ ሂዱና «መጾም ትፈልጋለች፣ መርፌዋ ሊስተካከል ይችላል?» በሉ። መልሱ አይሆንም ሊሆን ይችላል። ከሐኪሟ አፍ ስትሰማው ግን ከአንቺ እንደመጣ ክልከላ አይከብዳትም።

አሁን ልብሽን የሚነካ ነገር ልናገር ነው። «ምንም አልበላሁም» ስትልሽ እኔ አምናታለሁ። በ16 ዓመት የሰውነት ሆርሞን ኢንሱሊንን ይታገላል። የወር አበባ ሲቃረብ፣ ጉንፋን ሲይዝ፣ ፈተና ሲደርስ፣ እንቅልፍ ሲጎድል ስኳር ከፍ ይላል። ንጋት ላይ ምንም ሳይበላ የሚወጣበት ሰው ብዙ ነው። እሸት በቆሎ ከበላችም ወንጀል አልሠራችም። በልክ ትብላው፤ ከበላች በኋላ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ያለ ነው። በዓለም ደረጃ ሐኪሞች ለእንደ እሷ ያለ ሰው የሚመክሩት ስኳሩ ከቀኑ 70 በመቶውን ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ እንዲውል ነው። ያ ወደ 17 ሰዓት ነው። የቀረው ሰባት ሰዓት ከዚያ ውጭ ቢሆንም ጎበዝ ናት። አንቺ ግን ሱቅ ሆነሽ የምታዪው ያንን ሰባት ሰዓት ብቻ ነበር።

የድሮው መለኪያ በቀን ጥቂት ጊዜ ነበር የሚናገረው። ይሄኛው ሌሊትና ቀን ያወራል። ሁሉንም ቁጥር ተከትላ የምትደውል እናት ልጇንም ራሷንም ታደክማለች። ደግሞ መለኪያውም የራሱ ጠባይ አለው። የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ነው እንጂ ደሙን አይደለም። ስለዚህ ከደሙ ጥቂት ደቂቃ ይዘገያል። ስኳር ቅማ ሰውነቷ ከተሻለ በኋላ እንኳ ስልኩ ለተወሰነ ጊዜ «ወርዷል» ይላል። በተለጠፈበት ክንዷ ላይ ከተኛች ሌሊት የውሸት ዝቅታ ያሳያል። የተለጠፈ ዕለትም ቁጥሩን ብዙ አትመኑት። የሚሰማትና የሚታየው አልጣጣም ካሉ ጣቷን ወግታ ትለካ፤ የሚታመነው እሱ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ እንዲህ አድርጊ፤ እንደምታደርጊውም ለልጅሽ ንገሪያት፤ በእኔ አነጋገር ሳይሆን በአንቺ። ስልክሽ ላይ የከፍታውን ማሳወቂያ አጥፊው። የዝቅታው ብቻ ይቅር። አፑን በየሰዓቱ አትክፈቺ። ዝቅታ ሲመጣ አትደውዪ፤ «ቀመስሽ?» ብለሽ አጭር መልእክት ላኪ። «አዎ» ካለችሽ ጉዳዩ አለቀ። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ካልመለሰች ለጓደኛዋ ደውዪ። ስለ ከፍታው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ እሷ ስልኳን ከፍታ ታሳይሽ። ጥያቄውም «ምን በላሽ?» መሆኑ ይቅር። «ይሄ ሳምንት እንዴት ነበር?» ብትያት ብዙ ትነግርሻለች ብዬ አምናለሁ። ይህን ሁሉ ስትነግሪያት መልሳ እንድታደርገው አትጠይቂያት። ነገሩን ተናግረሽ ተያት። ጥቂት ቀን ይፍጅ።

እኛ አካባቢ ደግሞ በስልክሽ ብቻ የማትተማመኚበት ሌላ ምክንያት አለ። የእሷ ስልክ መለኪያውን ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል። ወደ አንቺ ስልክ የሚመጣው ግን ያለ ኢንተርኔት አይመጣም። ኔትወርክ ሲጠፋ የምትጠብቂው ነገር ካለሽ ሱቅ ዘግተሽ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጫለሽ። የልጅሽ ደኅንነት መንጠልጠል ያለበት አጠገቧ ባለ ሰው ላይ ነው።

ያ ሰው ደግሞ አለ። ያቺ ለስላሳ የገዛችላት ጓደኛዋ! ቤት ጥሪያት፣ አብልያት፣ አመስግኛት። በትክክል ያደረገችው እሱን ነው። ላብ ሲያሰምጣት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግሯ ሲዛባ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፤ ዳይት የሚባለው አይሠራም። ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፤ ካልተነሳ መድገም፤ ከዚያ ምግብ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አይጨመር፤ ስኳር ውሃም፣ ጠበልም ቢሆን። ትንታ ይገላታል። በጎኗ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ትምህርት ሲከፈት ለክፍል ኃላፊ መምህሯም ይህንኑ ንገሪ፤ ግን መጀመሪያ ልጅሽን አስፈቅጂ። ከረሜላ ከቦርሳዋና ከኪሷ አይጥፋ።

መታየቱን ከፈራች ንገሪያት፤ ስልኩ መለኪያውን በልብስ ላይ ያነበዋል፤ እጅጌዋን መሰብሰብ የለባትም። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ስልኩን ድምፁን አጥፍታ በንዝረት ብቻ ነጠላዋ ሥር ትያዘው። የተቆጡት ሰውዬ ስልክ ነው ያዩት፤ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ አላወቁም። ካህናቱ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቢያውቁላት ያ ነገር አይደገምም።

እናትሽን አትጣያቸው። ልጅቷ ጠበል ትጠጣ፣ ትጠመቅ። ሊብሬውም ቢሆን እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውሃ ይችላል፤ ጠበል አያበላሸውም። አንድ ነገር ላይ ግን ፍንክች አትበይ፤ ጠበል ቦታ ብትሄድ መርፌዋ አብሯት ይሄዳል፤ አንድም ቀን አይቋረጥም። እናትሽ ፊት፣ ልጅሽ እየሰማች በያት። ልጅሽም በዚህ ጉዳይ እንደማትወላውዪ ትወቅ፤ በቀረው ነገር ስትለቂላት የምታምንሽ ያኔ ነው።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ማዘኑ ይገባኛል። ከአሁን በኋላ ከመላኩ በፊት እሷን ራሷን ይጠይቃት። አንዱ ሊብሬ ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ዓመቱን ሙሉ ማቅረብ ለማንም ይከብዳል። ምናልባት ስትሪፕ ቢልክላት ይበልጥ ይጠቅማት ይሆናል። ግን ስትሪፑ ከማሽኗ ዓይነት ጋር መግጠም ስላለበት የማሽኑን ስም ፎቶ አንስታ ትላክለት።

ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉትን ሁለቱን አውጥታ ማሸጊያው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ትይ። ጊዜ ካላቸው አከታትላ አትጨርሳቸው። አንዱን ሐኪሟ መርፌዋን ለሚያስተካክልበት ሰሞን፣ ሌላውን ለፈተና ወቅት ብታቆየው ይሻላል። ፍኖተ ሰላም ሞቃት ነው፤ ፀሐይ ከማያገኘው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጡ። መቼ እንደምታደርጋቸው ግን ቀኑን እሷ ትምረጥ።