ነጥቧን ከመጎተታችሁ በፊት

ባለፈው ሳምንት ስታቲስቲክስ መማር የጀመረች አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የሚንቀሳቀሱ ግራፎች ስነካካ ሁሉም ነገር ይገባኛል። ስላይደሩን ስስበው ኩርባው ሲጠብና ሲሰፋ አያለሁ። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ባዶ ነኝ። ይሄ መማር ነው ወይስ ጨዋታ?»

በሁለት መስመር ልመልስላት ነበር። አልቻልኩም። ጥያቄዋ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው የነበረ አንድ የግራፍ ወረቀት አስታወሰኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የ14 ጤና ጣቢያዎችን ዳታ እንድተነትን ተሰጠኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ተቆጣጣሪዎች ቶሎ ቶሎ የሚጎበኟቸው ጣቢያዎች ብዙ ሕጻናት ይከትባሉ ወይ? ኮሪሌሽኑን፣ ማለትም ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ቁጥር ሳሰላ 0.8 ገደማ መጣ። 0 ከሆነ ግንኙነት አይታይም፣ ወደ 1 ሲጠጋ ግንኙነቱ ጠንካራ ነው። ደስታዬን ዛሬም አልረሳውም። በካልኩሌተር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አረጋገጥኩ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ አሁን ብትሠሩትም የሚመጣው ያው ቁጥር ነው።

መዝገብ ክፍል የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። ቁጥሮቹን ከየጣቢያው ሪፖርት ለቅመው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሪፖርቱን ላስረክብ ስል አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። 14ቱን ነጥቦች በእርሳስ አስቀምጠዋቸዋል። ከታች በስተግራ 13ቱ ያለ ምንም መልክ ተበታትነዋል፤ ከላይ በስተቀኝ ጥጉ ላይ ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ቆማለች። እሷን ሁለት ጊዜ አክብበዋታል። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ከሌሎቹ ጋር አትሄድም። ትልቅ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለች ናት» አሉኝ።

«እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አላየሁትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእሳቸው የምማረው ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም። ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኝ፣ እሳቸው ቁጥር ገልባጭ ናቸው፤ እንዲህ ነበር የማስበው።

ሪፖርቱ ተቀባይነት አገኘ። የጉብኝቱ በጀት ከፍ አለ። ለክትባት ማቀዝቀዣዎች ጥገና ተጠይቆ የነበረው ገንዘብ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ጉብኝቱ ጨመረ፣ የተከተቡት ልጆች ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ኋላ ቢሮ ስቀይር፣ መሳቢያዬን ሳጸዳ ያ ወረቀት እጄ ገባ። ቁጭ ብዬ ያቺን አንዲት ነጥብ አውጥቼ በቀሩት 13 አሰላሁ። 0.1 እንኳ አልሞላም። ያ ሁሉ 0.8 የአንዲት ነጥብ ሥራ ነበር። ሴትዮዋ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። ፈልጌ ይቅርታ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አፈርኩና ተውኩት። ከስህተቱ ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ደግሞ እኮ ወጥመዱ የታወቀ ነበር። ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ ስታቲስቲሺያን እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትንንሽ ዳታዎች ሠርቶ አሳይቷል። እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። አማካያቸው ተመሳሳይ ነው፣ ኮሪሌሽናቸው 0.82 ገደማ ነው፣ በነጥቦቹ መሐል የሚሰመረው የሪግሬሽን መስመራቸውም ያው ነው። ሲሳሉ ግን አይገናኙም። አራተኛው ላይ 10ሩ ነጥቦች በአግድሙ መለኪያ 8 ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረው አንዷ ብቻ 19 ላይ ተቀምጣለች፤ መስመሩን የምትይዘው እሷ ናት። የእኔን ሪፖርት ቁልጭ አድርጎ ነው የሳለው። ሳላነበው ቀረሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጨዋታ መሆኑ ምንም ነውር የለውም። ዊልያም ጎሴት የተባለ ስታቲስቲሺያን እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም የትንንሽ ናሙናዎችን ጠባይ ሲያጠና ቀመሩን አምኖ ዝም አላለም። የ3000 እስረኞችን ቁመትና የግራ መሐል ጣት ርዝመት በካርድ ላይ ጽፎ፣ ካርዶቹን በውዞ፣ አራት አራት እያደረገ 750 ናሙና አወጣ። ከዚያ ቀመሩን ከወጣው ጋር አስተያየው። እናንተ ያንን አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ታገኙታላችሁ።

ችግሩም እዚያው ነው። ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት ታያላችሁ፣ ስላይደሩን ጫፍ ድረስ ትገፉታላችሁ፣ «አሃ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ፤ ይሄን ስል ቅር አይበላችሁ። በሌላ በኩል ያልገባችሁን አልገባኝም ለማለት አታፍሩም፤ እኛ ክፍል ውስጥ እጅ ለማውጣት እንኳ እንፈራ ነበር። አስታውሳለሁ፣ አንድ መምህራችን ሳንቲም 100 ጊዜ ወርውራችሁ መዝግቡ አለን። ጓደኛዬ ሳይወረውር ከራሱ ጽፎ መጣ። መምህሩ ገና ሲያየው አወቀበት። አንድ ዓይነት ገጽ ከሦስት ጊዜ በላይ ተከታትሎ የወጣበት ቦታ አልነበረም፤ የእውነት ወርዋሪ ግን አምስትና ስድስት ሲደጋገምበት ያያል።

አጥኑ፣ ተለማመዱ የሚለውን አልደግምላችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ስላይደሩን ከመንካታችሁ በፊት ምን ይሆናል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ጻፉ። በቃል አይሆንም፣ ጻፉት። ለምሳሌ የናሙናውን መጠን ከ25 ወደ 100 ልታሳድጉ ነው እንበል። ናሙና ደጋግማችሁ ስታወጡ የምታገኟቸው አማካዮች ስርጭት በስንት ይጠባል? ያስተማርኳቸው ልጆች አብዛኞቹ ሩብ ይሆናል ይላሉ። ግራፉ ግን ግማሽ ላይ ይቆማል፤ አራት እጥፍ ዳታ ሰብስባችሁ ስህተቱ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው፤ የአራት ስኩዌር ሩት ሁለት ነውና። ግምቱን የጻፈ ልጅ እዚያ ላይ ደንገጥ ብሎ ስኩዌር ሩቱ ከየት መጣ ብሎ ቀመሩን ይከፍታል። ያልጻፈው ደግሞ «ጠበበ» ብሎ ይሄዳል። ፈተና ላይ ባዶ የሚሆነውም እሱ ነው።

በእጅ ማስላት ጊዜ ማባከን ነው ብዬ ለብዙ ዓመት ተከራክሬያለሁ። አሁንም ብዙው ማባከን ነው እላለሁ። ግን ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን አንድ ጊዜ፣ በአምስት ቁጥር፣ በእጃችሁ ሥሩት። የትኛው ቁጥር ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀና ያ ርቀት ስኩዌር ሲሆን እንዴት እንደሚያብጥ እያያችሁ ነው የምትሄዱት።

ለልጅቷ የዚያን ወረቀት ፎቶ ላኩላት። 14ቱን ነጥቦች በጣት የሚጎተቱበት ግራፍ ላይ አስገባቻቸው። «የተከበበችዋን ከመንካትሽ በፊት መስመሩ ምን እንደሚሆን ጻፊልኝ» አልኳት። «ትንሽ ዝቅ ይላል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ነጥቧን ወደ ሌሎቹ ጎተተቻት። ቆየት ብላ መልእክት ላከች፤ «ጋሼ፣ መስመሩ ጭራሽ ጋደም አለ! ሴትዮዋ ያለ ኮምፒውተር እንዴት አወቁ?»

ሪፖርቶቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ሲገለብጡ ጣቢያዎቹን ለይተው ያውቋቸው ነበር ብዬ መለስኩላት።