ሁሉም የላብራቶሪ ማሽን የጥገና ውል ያስፈልገዋል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ኃላፊ ነኝ። የሄማቶሎጂ ማሽን (የደም ሴል ቆጣሪ)፣ ከፊል አውቶማቲክ የኬሚስትሪ ማሽን (በደም ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮችን የሚለካ)፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፉጅ (ናሙና በማሽከርከር የሚለይ)ና ኦቶክሌቭ (ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ) አሉን። የሁለቱ ማሽኖች ጋራንቲ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። አቅራቢው ሁሉንም ዕቃ ያካተተ ዓመታዊ የጥገና ውል እንድንፈርም ይፈልጋል፤ የክሊኒኩ ባለቤት ግን «ሲበላሽ እናስጠግናለን» ይላሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ሁሉንም ዕቃ በአንድ ውል ውስጥ አያስገቡ። ለሄማቶሎጂ ማሽኑ ይፈርሙ፤ ለማይክሮስኮፕና ለሴንትሪፉጅ ግን በየዓመቱ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው።

የሄማቶሎጂ ማሽን ውስጡ ቱቦ፣ ቫልቭ፣ ፓምፕና ሲሪንጅ ነው። የደም ሴሎች የሚቆጠሩበት ቀዳዳ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ትንሽ የረጋ ደም ይደፍነዋል። ይህን ባለሙያዎቻችሁ በማጽጃው ፈሳሽ ያስለቅቁታል። ቫልቭ ሲያፈስ ወይም ፓምፕ ሲደክም ግን መለዋወጫ ክፍሉም ሆነ የአገልግሎት የይለፍ ቃሉ ያለው አቅራቢው ጋ ነው። ለባለቤቱ በቁጥር ያሳዩዋቸው፦ በቀን 40 ሲቢሲ (ሙሉ የደም ሴል ቆጠራ) ብትሠሩና ከአንዱ የሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ወጪ ተቀንሶ 90 ብር ቢተርፍ፣ ማሽኑ 12 ቀን ሲቆም 43,200 ብር ይቀርባችኋል። የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ከውሉ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላከው ታካሚ እንግልት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም፤ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን እሱ ነው።

የኬሚስትሪ ማሽኑን ያለ ውል መያዝ ይቻላል፣ መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ ካለ። አንድ ሃሎጅን አምፖልና አንድ የፓምፕ ቱቦ ይግዙ። ኤኤልቲና ኤኤስቲ (የጉበት ምርመራዎች) የሚነበቡት የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ደካማ በሆነበት በ340 ናኖሜትር የአልትራቫዮሌት ሞገድ ስለሆነ አምፖሉ ሲደክም ቀድመው የሚዋዥቁት እነሱ ናቸው፤ የእነሱ ኮንትሮል (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙና) ከሚፈቀደው የውጤት ክልል ሲወጣና በአዲስ ሪኤጀንትም ሳይስተካከል ሲቀር አምፖሉን ይጠርጥሩ። አዲሱን ሲያስገቡ መስታወቱን በባዶ እጅ አይንኩ፤ የጣት ቅባት ዕድሜውን ያሳጥራል። ከተለወጠ በኋላ ኮንትሮል ሳይሠራ የታካሚ ውጤት አይውጣ።

ኦቶክሌቩን አቅልለው አይዩት። የበሩን ጎማ እናንተ ትቀይራላችሁ፤ የደህንነት ቫልቩንና የግፊት መለኪያውን ግን በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ይፈትሻቸው። ለዚህ በጉብኝት መክፈል ይበቃል።

አሁን ወደ ውሉ። ውሉ መለዋወጫን ይጨምራል ወይስ የእጅ ዋጋን ብቻ? የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ ትልቁ ወጪ እናንተው ላይ ይቀራል። «በ48 ሰዓት ምላሽ እንሰጣለን» ሲባል ስልክ ማንሳት ማለት ነው ወይስ መሐንዲሱ ሐዋሳ መድረሱ? መድረሱ መሆኑ ይጻፍ። የትራንስፖርትና የውሎ አበል ከፋዩ ማን ነው? የመከላከያ ጥገናው በዓመት ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ወር ይሆናል? ክፍሉ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ እስኪደርስ ምትክ ማሽን ይሰጣሉ? እነዚህ በቃል የሚታለፉ አይደሉም። በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የደረሰ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከውል ውጭ ነው፤ ስለዚህ ውል ቢኖርም ባይኖርም ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ)ና በትክክል የተሠራ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ግድ ነው። ማሽኑን ያገኛችሁት ሪኤጀንት ልትገዙ ተስማምታችሁ ከሆነ ደግሞ የቀድሞውን ውል አውጥታችሁ አንብቡ፤ ጥገናው እዚያው ተካቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ።

አንድ ወር አላችሁ። ጋራንቲው ሳያልቅ አቅራቢው ሁለቱንም ማሽኖች ሙሉ በሙሉ ፈትሾ፣ ያረጀውን ቀይሮና ካሊብሬት አድርጎ (ልኬታቸውን አስተካክሎ) የተፈረመ ሪፖርት እንዲሰጣችሁ ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቁ።