ትሬቪ ፎንታና ውስጥ የገባችው አኒታ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሮም ውስጥ አንዲት የ87 ዓመት ሲኞራ ቤት ነው የምሠራው። ያቺ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ውሃ ውስጥ የምትገባዋ ሴት ቴሌቪዥን ላይ በመጣች ቁጥር «አኒታ! ነይ እያት!» እያሉ ከኩሽና ይጠሩኛል። አንዴ ያደንቋታል፣ አንዴ ያሟታል። ጣሊያናዊት መስላኝ ነበር፣ ስዊድናዊት ናት አሉኝ። ማን ናት? ባልስ ነበራት? (ከሮም)

መልስ፦ እህቴ፣ ሲኞራሽ ማድነቃቸውም ማማታቸውም ልክ ነው። የያኔው ሮም በሙሉ እንደሳቸው ነበር።

ሴትዮዋ አኒታ ኤክበርግ ናት። በ1931 ደቡብ ስዊድን፣ ማልሞ ከተማ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከስምንት ልጆች ስድስተኛዋ ነበረች። ሃያ ዓመት ግድም ሲሆናት ሚስ ስዊድን ተባለችና አሜሪካ ሄደች። እዚያ አንድ የፊልም ስቱዲዮ አስፈርሟት ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ አሰናበታት። ቢሆንም እዚያው ሆሊውድ ቀረች፤ ትንንሽ ሚናዎችም ማግኘት ጀመረች። ኮሜዲያኑ ቦብ ሆፕ የአኒታ ወላጆች በሥነ ሕንፃ ኖቤል ይገባቸዋል ብሎ የቀለደው ያኔ ነው። ሳቅ ያስቃል፤ ግን ሆሊውድ እሷን እንዴት ያይ እንደነበረም ይነግርሻል።

በ1956 ጎልደን ግሎብ የተባለው የአሜሪካ የፊልም ሽልማት ተስፋ ከሚጣልባቸው አዳዲስ ተዋንያን አንዷ ናት ብሎ ሸለማት። «ጦርነትና ሰላም»ን ለመቅረጽ ጣሊያን የመጣችውም በእነዚያው ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ከሮም መላቀቅ አቃታት።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። ትዕይንቱ ያለው «ላ ዶልቼ ቪታ» የተባለ ፊልም ውስጥ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከቪዲዮ ቤት በተከራየሁት ካሴት ነው። ምስሉ ይዘላል፣ ድምፁ ይንጫጫል። አኒታ አንዲት ነጭ የድመት ግልገል ጭንቅላቷ ላይ አስቀምጣ በጨለማው ሰፈር ትዞራለች። አብሯት የሚተውነውን ማርቼሎ ማስትሮያኒን ለድመቷ ወተት ፈልግ ብላ ትልከዋለች። በዚያ ሌሊት ወተት! ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ ሲመለስ እሷ ከነቀሚሷ ትሬቪ በሚባለው የሮም ፎንታና (የፏፏቴ ገንዳ) ውስጥ ናት። ልክ እዚህ ላይ እናቴ ሻይ ይዛ ገባች። ቆማ አየችና «ኧረ ይቺን ልጅ አውጧት፣ ብርድ ይመታታል!» አለች።

እናቴ ስለ ብርዱ አልተሳሳተችም፣ ሰውየውን ነው የሳተችው። የተቀረጸው በብርድ ጊዜ ነበር። የፊልሙ ዳይሬክተር ፌሊኒ እንዳወራው አኒታ ምንም ሳይመስላት ውሃው ውስጥ ለሰዓታት ቆማለች፤ የማልሞ ልጅ አይደለች! ማስትሮያኒ ግን ከሱፉ ስር የጠላቂ ልብስ ለብሶ፣ በዚያ ላይ ቮድካውን ጨልጦ ነው የገባው።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት፣ በ1958 በአውሮፓ የሙቀት ወራት፣ አኒታ እዚያው ትሬቪ ውስጥ እግሯን ነክራ ፎቶ ተነስታለች። ያነሳት ፒየርሉዊጂ ፕራቱርሎን ነው። ፎቶው መጽሔት ላይ ወጣ። ፌሊኒ ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው እንግዲህ አንቺው ፍረጂ። «ፌሊኒ አይደለም እኔን ታዋቂ ያደረገኝ፣ እኔ ነኝ እሱን» ትል ነበር። ብዙዎች ጉራ ነው ብለው አለፉት። እኔ ግማሹን አምናታለሁ።

ፓፓራዚ (ዝነኞችን እያሳደዱ ፎቶ የሚያነሱ) የሚለው ቃልም ከዚያው ፊልም ነው የወጣው፤ የአንዱ ፎቶ አንሺ ስም ፓፓራትሶ ነበር። እውነተኞቹ ደግሞ በ1960 ቤቷ ድረስ ተከትለዋት መጡ። ጫማ እንኳን ሳታደርግ ወጥታ በቀስት አባረረቻቸው። የምሬን ነው፣ በቀስት! ቀስቱን ወጥራ የቆመችበት ፎቶ ዛሬም አለ።

ትዳሯን ጠይቀሻል። ሁለቴ አግብታለች። መጀመሪያ እንግሊዛዊውን ተዋናይ አንቶኒ ስቲልን በ1956 ፍሎረንስ ላይ አገባች፤ ሦስት ዓመት ነው የቆየው። በ1963 ደግሞ አሜሪካዊውን ሪክ ቫን ነተርን አገባች። በ1965ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም የቦንድን ጓደኛ ሆኖ የሠራው ነው። እሱንም በ1975 ፈታችው። ልጅ አልወለደችም።

የሲኞራሽ ሐሜት ግን ስለ ሁለቱ ባሎች አይመስለኝም። ከፊያቱ ጌታ ከጂያኒ አኜሊ ጋር ፍቅር እንደነበራት በሰፊው ተጽፏል። እሱ ባለትዳር ነበር። (አዎ፣ የእኛን ሰይቼንቶ ታክሲዎች የሠራው ፊያት ነው።)

መጨረሻዋ ከባድ ነው። በ2011 እግሯ ተሰብሮ መጦሪያ ቤት ገባች። ቤቷን ሌባ ገባበት፣ እሳትም ጎዳው። ገንዘብ አጥሯት በፌሊኒ ስም የተቋቋመውን ፋውንዴሽን እርዱኝ አለች። በ80 ዓመቷ ለጋዜጣ ስትናገር ግን ወድጃለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ በደስታ አብጃለሁ ነው ያለችው፤ ትንሽ ብቸኝነት እንጂ ጸጸት የለኝም ብላለች። በጥር 2015፣ በ83 ዓመቷ ሮም አጠገብ አረፈች። አመዷ ስዊድን፣ ስካኖር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብሯል።

ጥያቄ፦ ኢንግሪድ በርግማንም ስዊድናዊት ነበረች። አኒታ ለምን እንደሷ ትልቅ ተዋናይ አልሆነችም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኢንግሪድ ሦስት ኦስካር ወስዳለች፣ አኒታ አንድም። የትወና ችሎታቸውም እኩል ነው ብዬ አልዋሽህም። ግን ለአኒታ የሚሰጣት ሚና ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር፤ ቆማ መታየት።

ይህን ራሱ ፌሊኒ ቀልዶበታል። በ1962 «ቦካቺዮ 70» በተባለው ፊልም ውስጥ የወተት ማስታወቂያ ሆና ትልቅ ሰሌዳ ላይ ተስላለች። ማዶ የሚኖር አንድ አጥባቂ ሰውዬ እያያት ያብዳል። በኋላ ግዙፍ ሆና ከሰሌዳው ትወርዳለች።

በ1987 ደግሞ «ኢንተርቪስታ»ን ሲሠራ ፌሊኒ ማስትሮያኒን ይዞ ቤቷ ሄደ። ማስትሮያኒ እንደ አስማተኛ ለብሷል፤ በትሩን ሲያወዛውዝ ነጭ አንሶላ ተዘረጋ። አንሶላው ላይ የትሬቪው ትዕይንት መጣ። ሁለቱም አርጅተዋል፣ እሷ ወፍራለች። ቁጭ ብላ ራሷን አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አኒታ ትወና አትችልም የምትል ከሆነ፣ እስቲ ያቺን ሁለት ደቂቃ ፈልገህ እያት።