«ምስጠራ» ወይስ «ኮድ»? ስለ «ቅኝት»ም ጥቂት

ጥያቄ፦ በብሉቱዝና በዚግቢ ላይ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ርእሱ «ቀልጣፋ ቅኝትና ምስጠራ ለአጭር ርቀት ሽቦ አልባ መረብ» ይላል፤ «ቅኝት» ያልሁት ሞዱሌሽንን (መልእክትን በሞገድ ላይ መጫንን)፣ «ምስጠራ» ያልሁት ኮዲንግን (መልእክቱ በመንገድ ስሕተትን እንዲቋቋም አድርጎ ማሰናዳትን) ነው። አንድ ባልደረባዬ ሁለቱንም ሰረዘብኝ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ በ«ምስጠራ» ባልደረባዎ ልክ ነው። በ«ቅኝት» ግን ከእርስዎ ጋር እቆማለሁ።

ምስጢር፣ በቀድሞው አጻጻፍ ምሥጢር፣ ከግሪኩ «ሚስቴሪዮን» ጋር ይዛመዳል፤ የግሪኩም ሥር መዝጋት ከሚለው ግስ እንደ ወጣ ይነገራል። ቃሉ ከአያቱ ጀምሮ ዝግ ነው። የእርስዎ ኮዲንግ ግን የሚከፍት እንጂ የሚዘጋ አይደለም። ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 ባሳተመው ዘዴ በ4 ቢት (ቢት 0 ወይም 1 ናት) ላይ 3 ትርፍ ቢት ይታከላል፤ ከ7ቱ አንዷ በመንገድ ብትበላሽ ተቀባዩ ራሱ ያርማታል። ዚግቢም በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እያንዳንዱን 4 ቢት በ32 ቺፕ፣ ማለትም በ32 አጫጭር የ0ና የ1 ምልክቶች፣ ይልካል። በብሉቱዝ 5 የረጅም ርቀት አሠራር አንዷ ቢት እስከ 8 ምልክት ትወስዳለች፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ1 ሜጋቢት ወደ 125 ኪሎቢት ይወርዳል፣ መልእክቱ ግን ርቆ ይሰማል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰወረ ነገር የት አለ? ብሉቱዝ በቁልፍ የሚመሰጥርበት ሌላ ደረጃ አለው፤ ስሙን ለዚህ ከሰጠነው ያንን ምን ልንለው ነው? «ስሕተት አራሚ ኮድ» ይበሉ። ኮድ ባዕድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን «ኮዱ»፣ «ኮዶች»፣ «በኮድ» እየተባለ የሚረባ ቃል ባዕድ አይመስለኝም።

ወደ ቅኝት ልምጣ። «ተቀኘ» ከግዕዙ «ተቀንየ» ነው፤ ነ ከየ ጋር ተዋሕዶ ኘ ሆነ። ክራር መቃኘትንም ከዚሁ ቤት እቆጥረዋለሁ። የላቲኑ «ሞዱላሪ» በልክ ማዜም መሆኑን ሳስብ ደግሞ ሁለቱ ቃላት ተጠራርተው የተገናኙ ይመስለኛል። ብሉቱዝ በመሠረታዊ አሠራሩ 1 ሲልክ የሞገዱን ድግግሞሽ ጥቂት ከፍ፣ 0 ሲልክ ጥቂት ዝቅ ያደርጋል፤ ክር ከማጥበቅና ከማላላት ምን ይለየዋል?

ቅኝት ተይዟል የሚል ሙግት አለ፦ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለግም መቃኘት ነው፣ ወታደራዊ ስለላም ቅኝት ይባላል። የመጀመሪያው ይከብደኛል፤ ላኪው ሞገድ ሲለውጥና ተቀባዩ ሞገድ ሲመርጥ በአንድ ገጽ ከተገናኙ አንባቢ ይደናገራል። ቢሆንም ጆሮዬ ቅኝትን አይለቅም። መሐንዲሶቹ ሞዱሌሽን ብለው ጽፈው ጨርሰዋል፤ በየቀኑ «ኤፍ ኤም» ስንል «ኤም»ው ይኸው ሞዱሌሽን ነውና፣ ሳንወድም ቢሆን አስገብተነዋል። እንግዲህ በርእሱ ሞዱሌሽን ይጻፉ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ ግን ቅኝትን ከጎኑ ያኑሩልኝ።

ያልጠየቁኝን አንድ ላክል። «ቀልጣፋ» ፈጣን ማለት ነው። 125 ኪሎቢት ፈጣን አይደለም። የሚፈልጉት የባትሪና የሞገድ ቁጠባን ከሆነ «ቆጣቢ» ይበሉት።