የቤት አኳፖኒክስ፦ ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ላስቲኩና ስለ ውሃው ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውሃ የማልማት ሥራን፣ ማለትም አኳፖኒክስን፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው ግቢዬ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያላችሁን ጥያቄ አቅርቡ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ መካከል የሚበዙት ውሃ በሚይዘው ሳጥንና በውስጡ በሚነጠፈው ላስቲክ ላይ ያተኮሩ ስለሆኑ፣ እኔም ሰፋ አድርጌ የምመልሰው እነዚያን ነው።

ጥያቄ፦ የዓሣ ገንዳውን ከጣውላ ሠርቼ ላስቲክ ባነጥፍበት ውሃውን ይችለዋል ወይስ ሮቶ ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አቅምዎ ከፈቀደ ሮቶ ይግዙ፤ ክብ ስለሆነ ውሃው በደንብ ይዞራል፣ ቆሻሻው ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ የሚነጠፍም ነገር የለውም። ጣውላ ከመረጡ ግን ላስቲኩ ውሃ እንዳይፈስ ይከለክላል እንጂ ክብደት እንደማይሸከም አስቀድመው ይረዱልኝ። ክብደቱን የሚሸከመው ሳጥኑ ነው። 2 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ገንዳ ውስጥ ውሃው 70 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ 1,680 ሊትር ይሆናል፤ ይህም 1,680 ኪሎ ግራም ማለት ነው። አንዱን ረጅም ግድግዳ ብቻ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ490 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ ግፊቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይበረታል። ስለዚህ ቋሚዎቹ ሞራሌዎች ከ50 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ይቁሙ፣ ሥራቸው ከወለሉ እንጨት ጋር በቡሎን ይታሰር፣ ከላይም ሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች የሚያያይዝ አግዳሚ ይኑራቸው። በምስማር ብቻ የተያያዘ ሳጥን ውሃ በሞላ ቁጥር እየላላ ይሄዳል። ገንዳው የሚቀመጠው በተደለደለና በተጠቀጠቀ መሬት ላይ ነው፤ ሰገነት ላይ ለማስቀመጥ ያሰቡ ካሉ ግን መሐንዲስ ሳያማክሩ አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ የሸራ፣ የግሪን ሃውስ ላስቲክና ጂኦሜምብሬን አገኘሁ፤ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሸራው የተሸመነ ስለሆነ በታጠፈበት ቦታ ሽፋኑ እየተላጠ ውሃ ያስመልጣል። የግሪን ሃውስ ላስቲክ ደግሞ እጅግ ስስ ነው። የዝናብ ውሃ ለሚያጠራቅሙ ኩሬዎች የምናውቀው ጂኦሜምብሬን ከሦስቱ የሚመረጠው ሲሆን፣ ውፍረቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወፍራም ሁሉ የተሻለ ይመስለናል፤ ነገር ግን 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤችዲፒኢ (ጂኦሜምብሬን የሚሠራበት ፕላስቲክ) ግትር ስለሆነ በትንሽ ሳጥን ማዕዘን ውስጥ አልታጠፍ ብሎ ከጀርባው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ውሃው ሲሞላም ያ ያልተደገፈ ቦታ ይለጠጣል። ለቤት ሳጥን ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነው ይቀላል። ኢፒዲኤም የሚባለው ለስላሳ ላስቲክ ከተገኘ ደግሞ ሁሉንም ያስንቃል፤ ለጣሪያ ተብሎ የተሠራው ግን ለዓሣ የማይስማማ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ለኩሬ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ስንት ሜትር ልግዛ?

መልስ፦ ርዝመቱ ላይ የግድግዳውን ቁመት እጥፍ፣ እንዲሁም በሁለቱም ጫፍ ከላይ ለሚታጠፈው 30፣ 30 ሳንቲ ሜትር ይደምሩ፤ ስፋቱንም እንዲሁ ያስሉ። ከላይ ለጠቀስኩት ገንዳ፣ የግድግዳው ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 4.2 በ3.4 ሜትር ያስፈልጋል። ለመቆጠብ ሲሉ ሁለት ቁራጭ አያጣብቁ።

ጥያቄ፦ እርስዎ አነጣጠፉን እንዴት ነው የሚሠሩት? የእኔ በሦስተኛው ወር ተቀደደ።

መልስ፦ የእኔም የመጀመሪያው ተቀዶ ነበር፤ ጠዋት ስነሣ ገንዳው ተራቁቶ፣ ዓሣዎቹ በላስቲኩ እጥፋት ውስጥ በቀረችው ጥቂት ውሃ ተጨናንቀው አገኘኋቸው። ከስልሳዎቹ የተረፉት አሥራ አንድ ናቸው። ላስቲኩን ሳወጣው ቀዳዳው የክብሪት ራስ አያክልም ነበር፤ በትክክል በስተጀርባው ከጣውላው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ያለ የምስማር ጫፍ ነበረ። ከዚያ ወዲህ ላስቲክ ከማንጠፌ በፊት የሳጥኑን ውስጥ በሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ በባዶ መዳፌ እዳብሳለሁ፤ ዓይን ያለፈውን መዳፍ ያገኘዋል። የቆረቆረኝን ሁሉ እሞርዳለሁ፣ ወለሉና ግድግዳው ላይ አሮጌ ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ አለብሳለሁ።

ቀጥሎ ላስቲኩን ፀሐይ ላይ ዘርግተው እስኪለሰልስ ይጠብቁ፤ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ። ማዕዘኑ ላይ አይቁረጡት፤ ትርፉን ስጦታ እንደሚጠቀለልበት ወረቀት ወደ አንድ ወገን አጥፈው ግድግዳው ላይ ያስተኙት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጫፉን ቶሎ አለመቸንከር ነው። መጀመሪያ አንድ ሦስተኛ ውሃ ይሙሉ፤ ላስቲኩ በክብደቱ ወርዶ ወለሉና ማዕዘኑ ላይ በደንብ ሲቀመጥ ቀሪውን ይሙሉና በማግሥቱ ጫፉን በቀጭን ጣውላ ያስይዙት። ቀድመው የቸነከሩት ላስቲክ ተወጥሮ ይቀራል፤ የእርስዎም በሦስተኛው ወር የተቀደደው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከውሃው በላይ የሚታየውንም ፀሐይ እንዳታደርቀው ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ቱቦ ለማስወጣት ላስቲኩን መብሳት ግድ ነው?

መልስ፦ የዓሣ ገንዳውን አይብሱት፤ ውሃውን በፓምፕ ከላይ ማውጣት ይቻላል። የአትክልቱ መደብ፣ ማለትም ጠጠር ተሞልቶ አትክልቱ የሚተከልበት ሳጥን፣ ግን መፍሰሻ ያስፈልገዋል። ቀዳዳውን ከቱቦው አጥብበው በክብ ይቁረጡ፣ ከውስጥና ከውጭ ጎሚኒ አድርገው በኒፕልና በዳዶ ያጥብቁት። ሲልከን ከላስቲክ ጋር ስለማይጣበቅ አይተማመኑበት።

ጥያቄ፦ መደቡን በአካባቢያችን ጠጠር ሞላሁት፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ በቅጠሉ ላይ ያሉት ጅማቶች ብቻ አረንጓዴ ቀሩ። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ የድሬዳዋ አካባቢ ድንጋይ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው። ጥቂት ጠጠር ኮምጣጤ ውስጥ ይክተቱ፤ አረፋ ካወጣ ውሃዎን ሳያቋርጥ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ፣ እያደረገው ነው ማለት ነው። ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት መለኪያ) ከ7.5 ሲያልፍ ተክሉ ብረት መውሰድ ይሳነዋል፤ ያዩት ቢጫነትም የብረት እጥረት ምልክት ነው። ሬድ አሽ የምንለውን ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አጥበው ቢተኩበት ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ በቀዳዳዎቹም ውስጥ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል።

ጥያቄ፦ ገንዳውን በሞላሁ በማግሥቱ ያስገባኋቸው ዓሣዎች በሳምንት ውስጥ አለቁ።

መልስ፦ ሁለት ነገር ተጣድፎብዎታል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አየር እየተነፋበት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መቆየት አለበት። ከዚያም በላይ፣ ከዓሣው የሚወጣውንና መልሶ ዓሣውን የሚመርዘውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ተክል ወደሚመገበው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበረክቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ጥቂት ዓሣ ብቻ አስገብተው በጥቂቱ እየመገቡ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ይለኩ። ከዚያ በኋላም በ1,000 ሊትር ውሃ ከ20 ኪሎ ግራም ዓሣ አይለፉ፤ ለቅጠላ ቅጠል መደብ በየ1 ካሬ ሜትሩ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ መኖ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ይሆናል?

መልስ፦ ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች እድገቱ ይዘገያል፣ ወደ 16 ሲወርድ መብላት ያቆማል። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ያለ ላስቲክ ቤትና ያለ ክዳን አይችለውም። ቅዝቃዜ የሚችለው ካርፕ የሚባለው ዓሣ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዳዬ በቀን ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ትነት ነው ወይስ ፍሳሽ?

መልስ፦ ባልዲ ውሃ ሞልተው ከገንዳው አጠገብ ያስቀምጡና ሁለቱም ላይ ምልክት ያድርጉ። በማግሥቱ የገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከጎደለ ፍሳሽ ነው። መጀመሪያ ፓምፑን አጥፍተው ቱቦዎቹን ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ቱቦው ደህና ከሆነ ዓሣዎቹን አየር ወደሚነፋበት በርሜል ያዛውሩና ውሃው በራሱ እስኪቆም ይተዉት። ውሃው የቆመበትን መስመር ይዘው ዙሪያውን በጣትዎ ይፈልጉ፤ ቀዳዳው ከዚያ መስመር አይርቅም።